ለአንድ ልጅ ሁለት መሐላ

ተክለ ጊዮርጊስ ቀናተኛ መሆኑን በሕይወቱ አምኖ አያውቅም። ሚስቱ አገርነሽ ግን ከተጋቡበት ዓመት ጀምራ ታውቀዋለች። ጎረቤት አጥሩን ሲያድስ የራሱ አጥር ያስጠላዋል። የሥራ ባልደረባው ሲመሰገን እሱ የተሰደበ ይመስለዋል። ሰርግ ቤት ሌላ ሰው ከሱ ቀድሞ ወደ ላይኛው ወንበር ከተጋበዘ የቀረበለት እህል አይወርድለትም። «ይህ ቅናት አይደለም፣ የሥርዓት ጉዳይ ነው» ይላል፤ «ሰው በተራው ነው መከበር ያለበት።» ተራው የማን እንደሆነ የሚያውቀው እንግዲህ እሱ ብቻ ነው።

ይህን ካነሳን ደግነቱንም እንናገርለት፤ ሰውየው ይገባዋል። የተወለደው ዘጌ፣ ሐይቁ ዳር፣ ከመሪጌታ ቤት ነው። ዳዊት ከደገመ፣ ዲቁናም ከተቀበለ በኋላ አባቱ ለቅኔ ቤት ሲያስቡት እሱ በጀልባ ወደ ባሕር ዳር ተሻግሮ አስኳላ ገባና በዚያው ቀረ። ሕግ ተማረ፤ ዐቃቤ ሕግ ሆነ። ሰው መክሰስ አላስተኛው ሲል ደግሞ ሥራውን ለቅቆ ዓባይ ማዶ፣ ከአንድ የቆርቆሮና የሲሚንቶ ሱቅ በላይ ሁለት ክፍል ተከራየና ከሁለት ጓደኞቹ ጋር የሕግ ድጋፍ ማኅበር አቋቋመ። መሬቱን የተነጠቀ ገበሬ፣ ባሏ ደብድቦ ያባረራት ሴት፣ ያለ ክስ ልጁ የታሰረበት አባት ያንን የብረት ደረጃ እየወጣ ይመጣል፤ እነሱም በነፃ ይከራከሩለታል። ከጓደኞቹ አንዱ ደክሞት የግል ጥብቅና ከፈተ፣ ሌላው አገር ለቀቀ። ተክለ ጊዮርጊስ ግን ቀረ። ፀጉሩ የሸበተው እዚያው ነው።

ያለፉት ጥቂት ዓመታት ሥራውን ሌላ አደረጉት። ዛሬ መንገድ ይዘጋል፣ ነገ ኔትወርክ ይጠፋል፣ ከነገ ወዲያ የሰፈር ወጣት በአፈሳ ተጭኖ ይሄዳል። የፍርድ ቤት ትእዛዝ ይዘህ ጣቢያ ስትሄድ «ኃላፊው የሉም» ትባላለህ፤ ኃላፊው ከመስኮቱ ወዲያ ሻይ ሲጠጡ ይታያሉ። ይረዷቸው የነበሩ ድርጅቶች አንድ በአንድ ፊታቸውን አዞሩ። አከራዩ ደግሞ «ሰሌዳችሁ ጣጣ ያመጣብኛል» ብሎ ሰሌዳውን አስወረደ፤ ከዚያ ወዲህ ማኅበሩን የሚያገኘው የቆርቆሮ ሱቁን የሚያውቅ ሰው ብቻ ሆነ። ይህ ሁሉ ተክለ ጊዮርጊስን አልሰበረውም። እርር ድብን ያደረገችው ርሆቦት ናት።

ርሆቦት ሐዋሳ ተወልዳ አዲስ አበባ ሕግ የተማረች፣ ታላቅ እኅቷ እዚህ ኮሌጅ ስለምታስተምር ተከትላት መጥታ ማኅበሩ ውስጥ የተቀጠረች ወጣት ጠበቃ ናት። የፕሮቴስታንት ቤተሰብ ልጅ በመሆኗ የጣናን ዳር ሰው ወግ አታውቀውም፤ አለማወቋንም አትደብቅም። ገበሬ ሲመጣ ከጠረጴዛዋ ትነሳና አግዳሚ ወንበሩ ላይ አጠገቡ ትቀመጣለች። ያልገባት ቃል ሲያጋጥማት «እሱ ደግሞ ምን ማለት ነው አባባ?» ብላ ትጠይቃለች፤ ገበሬው ልቡ ቅቤ ይጠጣና ያስረዳታል። ተክለ ጊዮርጊስ ይህን ሲያይ አንጀቱ ያራል። እሱ እኮ ቃሉን ያውቀዋል። የማያውቀው ነገር ስለሌለ የሚጠይቀው አጣ፤ የሚጠይቀው ስላጣ ደግሞ ሰው አጠገቡ ብዙ አይቆይም። በሩን የሚያንኳኳ ሁሉ አንገቱን አስግጎ ክፍሉን ይቃኝና «ያች ልጅ የለችም እንዴ?» ይላል።

«አለሁ እኔ» ይላል ተክለ ጊዮርጊስ።

«ግድ የለም፣ እንጠብቃታለን።»

አንድ ጊዜ ከቆጋ መስኖ የመጣ ገበሬ አንድ ኬሻ ድንች ተሸክሞ ደረጃውን ወጣ። የዚያን ሰው የመሬት ክርክር ከሥሩ ጀምሮ የያዘው ተክለ ጊዮርጊስ ነበር፤ ርሆቦት የቆመችው ለመጨረሻዋ ቀጠሮ ብቻ ነው። ገበሬው ድንቹን እግሯ ሥር አወረደው። እሷ ወዲያው ፌስታል አስመጥታ ለቢሮው ሰው ሁሉ አካፈለች፤ የተክለ ጊዮርጊስን ደግሞ ትልልቁን መርጣ ሞላችለት።

«እኔን ድንች ይነፋኛል» አለና ፌስታሉን ጠረጴዛው ላይ ትቶት ወጣ።

ማታ ነገሩን ለሚስቱ ሲነግራት አገርነሽ የተማሪዎቿን ደብተር እያረመች ሳቀች። «አንተ ሰውዬ፣ በልጅህ እኩያ ትቀናለህ?»

«ቅናት አይደለም አልሁሽ።»

«እሺ፣ ድንቹን ብታመጣው ግን እኛን አይነፋንም ነበር» አለችው።

ነገሩ በድንች ቢቀር ኖሮ መልካም ነበር። አንድ ሰኞ ጠዋት ግን ወይዘሮ ፅጌ ማርያም ከሰባታሚት መጡ። ባላቸውን፣ የቤተ ክርስቲያን ሊቅ የነበሩትን፣ ቀብረው ከአንድ ልጃቸው ጋር የሚኖሩ ሴት ናቸው። ልጁ እዚያው ሰባታሚት የሰፈሩን ሕፃናት ፊደልና ዳዊት ያስተምራል። ከገበያ ሲመለስ በአፈሳ ተወሰደ። ክስ የለ፣ ፍርድ ቤት የቀረበበት ቀን የለ። እናቱ ብቻ በየቀኑ ምሳ ዕቃ ይዘው ጣቢያው በር ላይ ይቆማሉ። ጥበቃው ወደ ውስጥ «መርስዔ ኀዘን» ብሎ ይጣራል፣ «አቤት» የሚል የልጃቸው ድምፅ ይሰማል፣ ምሳ ዕቃው ገብቶ ባዶውን ይወጣል። ያችን «አቤት» ለመስማት ነው የሚመላለሱት።

ርሆቦት አጠገባቸው ተቀምጣ እጃቸውን ይዛ ሰማቻቸው። ከዚያ ሊደረግ የሚችለውን አስረዳቻቸው። አካልን ነፃ የማውጣት አቤቱታ የሚባል ነገር አለ፤ እናት «ልጄ እዚህ ቦታ በሕገ ወጥ መንገድ ተይዞብኛል» ብላ በመሐላ ታረጋግጣለች፣ ፍርድ ቤቱም ፖሊስ ሰውየውን ይዞ ቀርቦ ለምን እንዳሰረው እንዲያስረዳ ያዛል። ማስረዳት ካቃተው ይፈታል።

«የልጅዎ ሙሉ ስም ማን ነው?» አለች ርሆቦት።

«መርስዔ ኀዘን ገብረ ሕይወት።»

ተክለ ጊዮርጊስ ከወዲያኛው ጠረጴዛ ይሰማ ነበር፤ ብዕሩን አቆመ። ይህ የክርስትና ስም ነው። እሱ የሊቅ ቤት ልጅ ስለሆነ ለማወቅ አንድ አፍታ አልፈጀበትም፤ እንዲህ ባለ ቤት ልጁም አባቱም በክርስትና ስም ይጠራሉ፣ መታወቂያ ላይ የሚሰፍረው ግን የዓለም ስማቸው ነው። ጥበቃው በር ላይ የሚጣራው እናትየው የነገሩትን ነው፤ የጣቢያው መዝገብ የሚያውቀው ደግሞ መታወቂያውን ነው። ርሆቦት በዚህ ስም ብትከስ ፖሊስ «እንዲህ የሚባል ሰው የለንም» ብሎ እጁን አጥቦ ይሄዳል። ሊነግራት አፉን ከፈተ፤ እውነቱን ለመናገር ከፍቶ ነበር። ልክ በዚያች ሰዓት ወይዘሮ ፅጌ ማርያም መዳፋቸውን የልጅቷ ጉንጭ ላይ አድርገው «አንችን የወለደች ማኅፀን ትባረክ» አሏት። ተክለ ጊዮርጊስ አፉን ገጠመ።

ለእሱ እንዲህ ያለው ማንም የለም። ስንቱን ከእስር አስወጥቶ፣ ስንቱን መሬቱን አስመልሶ፣ እናቱን የመረቀለት ሰው አያስታውስም። ርሆቦት ሴትዮዋን ይዛ ወደ ፍርድ ቤት ስትወርድ፣ የሴትዮዋ ክንድ በልጅቷ ክንድ ውስጥ ነበር። እሱ ያንን ክንድ ሲያይ ዋለ።

በማግስቱ ማለዳ ጣቢያው በር ላይ ሴትዮዋን ጠበቃቸው።

«እናቴ፣ መርስዔ ኀዘን የክርስትና ስሙ ነው አይደል? የዓለም ስሙን ማን ብለው ነው ያወጡለት?»

«መልካሙ ነው። አባቱም በዓለሙ ክንዱ ነበሩ። ማን በዚያ ይጠራቸዋል ብለው ነው?»

መልካሙ ክንዱ። ከሰኞው ስም ጋር የሚያገናኘው ነገር የለም። ይህን ይዞ ወደ ቢሮ ቢወጣ፣ ርሆቦትም አቤቱታዋን በአንዲት መስመር አስተካክላ «በክርስትና ስሙ መርስዔ ኀዘን የሚባለው መልካሙ ክንዱ» ብላ ብትጽፍ ነገሩ እዚያው ያልቅ ነበር። ተክለ ጊዮርጊስ ግን በራሱ ስም ሌላ አቤቱታ አዘጋጅቶ በደረት ኪሱ ይዞ ነበር የመጣው፤ የቀረው ስሙን መሙላት ብቻ ነው። አስቦበታል። እሷ በጻፈችው ስም ፖሊስ «የለም» ይላል፤ እሱ በሚጽፈው ስም ልጁ ተይዞ ይቀርባል፤ እናትየው በፍርድ ቤቱ ግቢ የማንን ትከሻ ስመው እንደሚያለቅሱ ያኔ ይታያል።

«አንድ ጊዜ ደግመው ይምላሉ» አላቸው።

ወይዘሮ ፅጌ ማርያም ነጠላቸውን ሰበሰቡ። «ትናንት ማልሁ እኮ። መሐላ ይደጋገማል እንዴ?»

«ይህኛው ለማጠናከሪያ ነው።»

«ትናንት መርስዔ ኀዘን ብዬ፣ ዛሬ መልካሙ ብዬ። እግዜርስ ምን ይለኛል?»

«ሁለቱም እውነት አይደለም እንዴ?»

«እውነትስ እውነት ነው።»

«እንግዲያው ምን አለበት» አለና ወደ ፍርድ ቤት ወሰዳቸው። ሴትዮዋ መሐላ ይፈራሉ፤ በልጅነታቸው በሐሰት ምሎ ዘሩ የጠፋ ሰው ታሪክ ሲነገራቸው ነው ያደጉት። እጃቸውን ከማንሳታቸው በፊት ሦስት ጊዜ አማተቡ። ሲወጡ ተክለ ጊዮርጊስ «ለልጅቷ አይንገሯት፣ ሥራ በዝቶባታል፣ አናስጨንቃት» ብሎ አደራ አላቸው። አቤቱታው ለሌላ ችሎት ተመርቶ ለዓርብ ተቀጠረ። የርሆቦት ሐሙስ ነበር። በአንድ ቀን መቀደሙ ራሱ አበሳጨው።

ሐሙስ ዕለት «እግረ መንገዴን» ብሎ የርሆቦት ችሎት ገብቶ ከኋላ ተቀመጠ። እግረ መንገዱን አልነበረም፤ ስትወድቅ ሊያይ ነው የመጣው። የፖሊስ ተወካይ ተነሳና እንደታሰበው «በዚህ ስም በጣቢያችን የተያዘ ሰው የለም» አለ። ተክለ ጊዮርጊስ ውስጥ ውስጡን ደስ አለው። ተወካዩ ግን አልተቀመጠም። «በተጨማሪም ክቡር ፍርድ ቤት» አለ፤ «እኒሁ አመልካች በማግስቱ ሌላ ስም ይዘው፣ ሌላ ልጄ ታስሯል ብለው በሌላ ችሎት ምለዋል። ሁለቱም አቤቱታ የወጣው ከአንድ ቢሮ ነው። ፍርድ ቤቱን ለማደናገር የተደረገ ነው።»

ዳኛው የርሆቦትን አቤቱታና ተወካዩ የሰጣቸውን ወረቀት ጎን ለጎን አስቀምጠው አነበቡ። ከዚያ ወደ ወይዘሮ ፅጌ ማርያም ዞሩ።

«እናቴ፣ ስንት ልጅ ታስሮብዎታል?»

«አንድ።»

«ሰኞ ልጄ መርስዔ ኀዘን ገብረ ሕይወት ታስሯል ብለው ምለዋል። ማክሰኞ ደግሞ ልጄ መልካሙ ክንዱ ታስሯል ብለዋል። እውነቱ የትኛው ነው?»

«ሁለቱም።»

«አንድ ልጅ ነው አላሉም?»

«አንድ ነው የወለድሁት።»

ችሎቱ ሳቀ። ዳኛው አልሳቁም። «የክርስትና ስም እኛም አለን፤ ያ ገብቶኛል» አሉ። «ያልገባኝ አንድ ቢሮ ለአንድ ሰው ሁለት መዝገብ ለምን እንደከፈተ ነው። ጠበቃ፣ ያስረዱ።» ርሆቦት ቆመች። ስለ ሁለተኛው መዝገብ የምታውቀው የለም። ተክለ ጊዮርጊስ ከኋላ ተነስቶ «እኔ ነኝ» ማለት ይችል ነበር፤ ግን ተቀምጦ ቀረ። ፖሊስ የሰውየውን ማንነት ላጣራ ብሎ ጊዜ ጠየቀ፤ ዳኛው ሁለቱን መዝገብ አጣምረው ለሳምንት ቀጠሩ። አመልካቿንም በሐሰት መማል እንደሚያስጠይቅ አስጠነቀቋቸው። ሴትዮዋ ያን ሲሰሙ ፊታቸው አመድ መሰለ።

ርሆቦት ኮሪደሩ ላይ አገኘችው። ፋይሉን ደረቷ ላይ አቅፋ ነበር።

«ጋሼ፣ ስሙን ካወቁ ለምን አልነገሩኝም?»

«አልጠየቅሽኝም።»

«እሺ። ከዛሬ ጀምሮ ሁሉንም እጠይቅዎታለሁ። ቁርስ ምን በሉ? ካልሲዎ ስንት ቀኑ ነው?» ድምጿ ሳይጮህ ተሰበረ። «እኔን ለማሳፈር ከሆነ ሌላ ሺህ መንገድ ነበረ። እሱ ሰውዬ እኮ እዚያ ውስጥ ነው ያለው።»

ተክለ ጊዮርጊስ የሚመልሰው አላጣም፤ ዕድሜውን፣ ልምዱን፣ ማኅበሩን ማን እንዳቋቋመው ሊዘረዝርላት ጀመረ። እሷ ግን መስማት ትታ ወደ ሴትዮዋ ሄደች፤ ሴትዮዋም አሁንም ክንዷን ያዙ። ይህ በደለኛ ሰው አሁንም ያየው ያንኑ ክንድ ነው። ቅናት እንዲህ ነው፤ ቤቱ እየተቃጠለ እንኳ የጎረቤቱን ጣራ ያያል።

ቀጠሮው ሳይደርስ፣ ሰኞ ዕለት፣ የወይዘሮ ፅጌ ማርያም ምሳ ዕቃ እንደሞላ ተመለሰ። ጥበቃው ወደ ውስጥ አልተጣራም። በቀጠሮው ቀን ፖሊስ መልሱን አሻሽሎ መጣ፤ «መልካሙ ክንዱ የተባለው ግለሰብ በጣቢያችን ነበር፤ ወደ ሌላ ቦታ ተዛውሯል፤ ወዴት እንደሆነ አናውቅም።» በእጁ የሌለውን ሰው አምጣ ማለት ስለማይቻል ዳኛው ሁለቱንም መዝገብ ዘጉ።

ከዚያ በኋላ ሴትዮዋ ወደ ቢሮው መምጣት አቆሙ። ርሆቦት ግን አልተቀመጠችም። ላይ ታች ብላ፣ የተፈቱ ሰዎችን እያፈላለገች፣ ልጁ ከከተማው ውጭ ባለ ማቆያ መኖሩን አወቀች፤ አብሮት የታሰረ ሰው «ጠዋት ጠዋት ውዳሴ ማርያም የሚደግመው» ብሎ ነገራት። አዲስ አቤቱታ ጻፈች፤ አሁን ሁለቱም ስም በአንድ መስመር ነበር። የጎደለው መሐላ ብቻ ነው። ተክለ ጊዮርጊስ «አብሬሽ ልሂድ» አላት፤ እሺም እንቢም ሳትል ባጃጁ ውስጥ ቦታ ለቀቀችለት። ሰባታሚት እስኪደርሱ አልተነጋገሩም።

ወይዘሮ ፅጌ ማርያም ከስተዋል። ከንፈራቸው በጾም ደርቋል። ርሆቦትን ስመው አስቀመጧት፤ ለተክለ ጊዮርጊስም በርጩማ ሰጡት። ርሆቦት የመጡበትን ስትነግራቸው አንገታቸውን ነቀነቁ።

«አልምልም ልጄ።»

«ልጅዎን እኮ አገኘነው። መሐላው ከሌለ ፍርድ ቤቱ አይቀበለንም።»

«ለንስሐ አባቴ ተናግሬ ቀኖና ተቀብያለሁ። በአንድ ልጅ ሁለት ጊዜ ማልሁ፤ ማልሁና ከዚያች በር ላይ እንኳ ጠፋብኝ። ደግሜ ብምል ደግሞ ምኑን ሊወስድብኝ ነው?» ቀና ብለው ተክለ ጊዮርጊስን አዩት። ዓይናቸው ውስጥ ወቀሳ አልነበረም። «እርስዎስ ልረዳዎ ብለው ነው። መጥፎዋ እኔ ነኝ፤ ልቤ እንቢ ሲለኝ መስማት ነበረብኝ።»

ተክለ ጊዮርጊስ በርጩማው ላይ ተኮማተረ። እኒህ ሴት ልጃቸውን የወሰደባቸውን ሰው ያጽናናሉ። «እናቴ፣ ጥፋቱ የኔ ነው» ለማለት ሁለቴ ጉሮሮውን ጠረገ፤ ሁለቴም ስለ ዝናቡ ተናገረ። ወጥተው ባጃጅ ያዙ። የዓባይን ድልድይ ጨርሰው ወደ ሰፈራቸው ሲታጠፉ ነው የተነፈሰው።

«በእሳቸው ፈንታ እኔ እምላለሁ» አለ፤ ሕጉ ነገሩን የሚያውቅ ሌላ ሰው እንዲምል ይፈቅዳል።

«ጠበቃ በያዘው ጉዳይ ምስክር አይሆንም» አለች ርሆቦት፣ ሳታየው።

«ጉዳዩ ያንቺ ነው።»

ይህችን ቃል ለማውጣት ምን እንደከፈለ የሚያውቀው እሱን የሚያውቅ ሰው ነው። መሐላውን በሌላ ሰው ላይ ሊጥለው አልቻለም፤ ሁለቱን ስም፣ ሁለቱን መዝገብ፣ እናትየውን ማን እንዳስማላቸው ከእሱ በቀር የሚያውቅ የለም። ያንን አስፍሮ ማለ፤ ርሆቦትም ወረቀቱን አንብባ አንዲት ቃል ሳትናገር ከአቤቱታዋ ጋር አያያዘችው።

በቀጠሮው ቀን ችሎቱ ሞልቶ ነበር። ወይዘሮ ፅጌ ማርያም አልምልም ይበሉ እንጂ መቅረት አልቻሉም፤ ከበሩ አጠገብ ቆመው ነበር። የፖሊስ ተወካይ «ይህ ቢሮ በዚህ ሰው ስም ሲያደናግር ይህ ሦስተኛ ጊዜው ነው» ብሎ ተቃወመ። ዳኛው መነጽራቸውን አወለቁና ተክለ ጊዮርጊስን ወደ ፊት ጠሩት። ለዓመታት በጠበቃ ቦታ ነበር የሚያውቁት፤ አሁን የቆመው በምስክር ቦታ ነው።

«አመልካቿን ሁለተኛ ያስማሉት እርስዎ ነዎት?»

«እኔ ነኝ።»

«ባልደረባዎ አቤቱታ ማቅረቧን ያውቁ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

«ስሙ ስሕተት መሆኑንም ያውቁ ነበር?»

«ከአፋቸው ሲወጣ ነው ያወቅሁት።»

«እንግዲያው ለምን ለባልደረባዎ አልነገሩም?»

ጠበቃ አይደለ፣ ለዚህ የሚሆን መልስ በየኪሱ ነበረው። የመረጃ ክፍተት ማለት ይቻላል። የሥራ ክፍፍል ግልጽ አለመሆን ማለት ይቻላል። ርሆቦት አንገቷን ደፍታ ነበር። በመሐላ ላይ ነበርና፣ ደግሞም እኒያ ሴት በሩ ላይ ቆመው ነበርና፣ እነዚያ ቃላት አልመጡለትም።

«ቀናሁ» አለ።

«ምን አሉ?»

«ቀናሁ፣ ክቡር ፍርድ ቤት። በዚች ልጅ ቀናሁ። ሰው ሁሉ እሷን ነው የሚፈልገው፤ እኒህ እናትም እሷን መረቁ። ብቻዬን አስፈትቼው እኔን እንዲመርቁኝ ፈለግሁ። ሌላ ምክንያት የለኝም።»

ችሎት ጸሐፊዋ እጇን ከኮምፒዩተሩ ላይ አንስታ ዳኛውን አየች። «ይመዝገብ?» አለች።

«ቃል በቃል» አሉ ዳኛው።

የመክተቢያው ድምፅ ብቻ ተሰማ። ከዚያ ዳኛው ማቆያውን የሚያስተዳድረው አካል በክርስትና ስሙ መርስዔ ኀዘን የሚባለውን መልካሙ ክንዱን በአካል ይዞ እንዲቀርብ፣ ካልቀረበ ኃላፊው ራሱ መጥቶ እንዲያስረዳ አዘዙ። ማቆያው እንደ ልማዱ ሁለት ቀጠሮ አጓተተ። ርሆቦት ሁለቱንም ጊዜ ሄዳ ጮኸች። በሦስተኛው አመጡት። ክስ ስላልነበረበት ዳኛው እዚያው ፈቱት።

ልጁ መንምኗል፤ ሱሪውን በገመድ ነበር ያሰረው። እናቱ በግቢው የጃካራንዳ ዛፍ ሥር አንገቱን አቅፈው ብዙ ቆዩ። ከዚያ ርሆቦትን ስበው በመካከላቸው አስገቧትና ትከሻዋን እያገላበጡ ሳሟት። ተክለ ጊዮርጊስ ራቅ ብሎ ቆሟል። እንዲህ ባለው ቀን እንኳ፣ በመሐላ ከተናገረ በኋላ እንኳ፣ ያችን ትከሻ ሲያይ ያው የሚያውቀው ቅናት ተመለሰበት። እግዜር ይይለት፤ የሚሽር ነገር አልነበረም።

ወይዘሮ ፅጌ ማርያም ዓይናቸውን በነጠላቸው ጠርገው ወደ እሱ መጡ። ትከሻውን አልሳሙም። እጃቸውን አጣምረው ፊቱ ቆሙ።

«ያን ቀን ቀናሁ ሲሉ ሰማሁ» አሉት። «አንድ ነገር ልጠይቅዎ፤ እንዳይቀየሙኝ። ከዚያ ወዲህ ባስበው ባስበው አልገባኝም። የተማሩ ሰው ነዎ። ቤት አለዎ፤ ልጆችዎ ማታ ማታ ቤትዎ ይገባሉ። በልጄ መታሰር ምን የሚያስቀና ነገር አገኙበት?»

የተቆጡ አይመስሉም ነበር። ማወቅ ፈልገው ነበር የጠየቁት፤ መልሱንም ቆመው ጠበቁ። ርሆቦት ባጃጅ አስቁማ መጣችና እናትና ልጁን አሳፍራ ወደ ሰባታሚት ሸኘቻቸው።